መርካቶ የማይገጥም ነገር የለም፣ ጋዝ ሲቀር

መርካቶን በአንድ ቃል ይግለጹ ቢባሉ ምን ይላሉ? ግርግር? ክርክር? ትርፍ? እኔ ብጠየቅ «ማስገጠም» ብዬ እመልሳለሁ። ክዳኑ የጠፋ ድስት ይዘው ቢሄዱ ክዳን ይገኝለታል። የተሰበረ የፍሪጅ እጀታ፣ አንድ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ መለዋወጫው መመረት ካቆመ ዓመታት ያለፉት የስፌት መኪና፣ ሁሉም መርካቶ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ አምሳያው ይጠብቀዋል። አምሳያ ከጠፋም ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ይሞረዳል፣ ካልሆነም በሽቦ ይታሰራል፤ ብቻ ሳይገጥም አይቀርም።

በዚህ ወር አብረን ወደ መርካቶ የምንወርደው የጋዝ ምድጃ ለመግዛት ነው። ለምን እንደሆነ ለከተማ ሰው ማስረዳት አያሻም። ወጡ ሳይንተከተክ መብራት ይሄዳል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ለጎረቤትም ለራስም ጣጣ ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ምድጃው ጎን የቡታ ጋዝ ምድጃ ለማስቀመጥ የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ከሞላ ጎደል መርካቶ አለ። ነገር ግን ገበያው የተካነበትን ጥበብ በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ማለት ያለብዎት ግዢ ቢኖር ይኸው ነው። ጋዝ በማስገጠም አይሆንም።

ከቤት ሳይወጡ

መርካቶ ያለ ዝርዝር የሚሄድ ሰው የሄደበትን ረስቶ ያላሰበውን ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ በዋዜማው ሦስት ነገር ያድርጉ።

አንደኛ፣ ሜትር ይያዙና ምድጃው የሚያርፍበትን ቦታ ይለኩ። ሲሊንደሩ የት እንደሚቆም ይወስኑ፤ ከዚያ እስከ ምድጃው ያለውን ርቀትም ይለኩ። የጋዙ ጎማ የሚቆረጠው በዚህ ልክ ነው። ሳይወጠር የሚደርስ፣ ግን ወለል ላይ የማይጥመለመል መሆን አለበት። ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ሲሊንደር ካለዎት አናቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የሲሊንደር አናት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በጥርስ የሚጠብቅ፣ አንዳንዱ ተጭነው የሚያስገቡት ነው። ለአንዱ የተሠራ ሬጉሌተር በሌላው ላይ በትክክል አይቀመጥም። ነጋዴው «የቱ ዓይነት ነው?» ሲልዎት ካመነቱ፣ ማስገጠሙ ከዚያ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ማዕድ ቤትዎን እንደ እንግዳ ሰው ይመልከቱት። ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት አለው? ከሌለው ግዢውን ይተዉት። ጋዝ ሲነድም ሲያመልጥም አየር ይፈልጋል።

ቀኑን በተመለከተ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ መድረስ ጥሩ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለው መንገድ በሰጋጆች ስለሚሞላ ሰዓቱን ያመቻቹ። እሑድ ብዙ ሱቆች ዝግ ናቸው።

የተገፋው ገበያ

በቀላል ባቡር የመጡ እንደሆነ ሰባተኛ ወይም አውቶቡስ ተራ ወርደው በእግር ይገባሉ። የታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እንደ ሁለት ጎረቤታም ሽማግሌዎች ገበያውን ይመለከታሉ። በመካከላቸው ሰው፣ ጋሪ፣ ሚኒባስና ጀርባው ላይ አልጋ የተሸከመ ወጣት «ዞር በሉ! ዞር!» እያለ ይተላለፋል።

የገበያው ስም ታሪኩን ይናገራል። መርካቶ ማለት በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ወራሪው ከተማዋን በዘር ሊከፋፍል ሲነሳ፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ እዚህ አስቀመጠው። የተገፋው ገበያ ግን ገፊውን ሸኝቶ ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ለመባል በቃ።

እዚህ ሸቀጥ ሰፈር ይሆናል። በርበሬ የራሱ በረንዳ፣ ሸማ የራሱ ተራ፣ ቆርቆሮም የራሱ ተራ አለው። የጋዝ ምድጃ ግን በአንድ ተራ ተጀምሮ በአንድ ተራ አያልቅም። ምድጃው የቤት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሕንፃዎች፣ ማጥበቂያው ብረታ ብረት በሚሸጥበት፣ ሌላው ሌላ ቦታ ይገኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ የምናየው ነገር የጉዞው ግማሽ ነው።

ምን አለሽ ተራ

ዛሬ የምንገዛው ባይኖርም በምን አለሽ ተራ ሳናልፍ አንቀርም። ቆራሌው በየመንደሩ እየተጣራ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጄሪካንና የጎበጠ ብረት ማረፊያው እዚህ ነው። ከቦታው ቀድሞ የሚደርስዎት የመዶሻው ድምፅ ነው። የዘይት በርሜል ተተርትሮ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። የተጣመመ ፌሮ ተቃንቶ ዳግም ለግንባታ ይሸጣል። ልጆችዎን ይዘው ከመጡ ትንሽ ቆም ብለው እንዲያዩ ያድርጓቸው። ስለ ቁጠባና ስለ እጅ ሙያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። እዚህ ምንም ነገር አይሞትም።

አሁን አንዱን የከሰል ምድጃ ያንሱና ያገላብጡት። ክፈፉ ትንሽ ተንጋድዷል፤ አንዱ እግር ከሌላው ያጥራል። ጉዳት የለውም። ከሰሉ ይነዳል፣ ጀበናው ይቀመጣል። ጉድለቱ ቢብስ እንኳ ይታያል፤ ያዘነብላል፣ ያጨሳል፣ ወዲያው ይስተካከላል።

የጋዝ ጉድለት ግን አይታይም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡታ ጋዝ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ የሆነ ነው። ሲወጣ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ እጥፍ ገደማ ይሰፋል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ማለት አንድ ክፍል ውስጥ የሚንሰራፋ ሁለት መቶ ሃምሳ ሊትር ጋዝ ማለት ነው። ለዚህ መውጫ የሚሆነው ክፍተት ዓይን የማያየው፣ ጥፍር የማይገባበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዚህን ተራ ሰዎች ጥበብ እያደነቅን፣ ለጋዝ የሚሆን ምንም ነገር ሳንገዛባቸው እናልፋለን። በተለይ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሲሊንደር ካዩ ዋጋውን እንኳ አይጠይቁ።

ካርቶኑና ምድጃው

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ካርቶን ሳይ ማንበብ ልማዴ ነው። ካርቶን ላይ የሚታተመው ዕቃውን የሚያሻሽጠው ነገር ነው፤ ፈገግ ያለች እናት፣ የሚያብለጨልጭ መስታወት፣ ከእውነተኛው የደመቀ ሰማያዊ ነበልባል። የደኅንነቱ ጉዳይ ያለው ግን ከምድጃው ጀርባ ወይም ከሥሩ በተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። እሷን ማንም አውጥቶ አያሳይዎትም። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ካርቶኑ እንዲከፈት ይጠይቁ።

ሰሌዳው ላይ የሚፈልጉት የጋዙን ዓይነት ነው። በብዙ አገር ወደ ቤት በቧንቧ የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ የተለየ ነው፤ ለእሱ የተሠራ ምድጃ የጋዝ መውጫ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው። በእኛ ሲሊንደር ሲሠራ ከልክ ያለፈ፣ ቢጫና ጥላሸት የሚያወጣ እሳት ይሰጣል። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ምድጃ ላይ «ጂ 30» ቡታን፣ «ጂ 31» ፕሮፔን፣ «ጂ 20» የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ነው። ለእርስዎ የሚሆነው 30 ወይም 31 የሚለው ነው። 20 ብቻ ካለ በካርቶኑ ውስጥ መቀየሪያ ቀዳዳዎች በትንሽ ፌስታል መኖራቸውን ይጠይቁ። «እህቴ፣ ምን ችግር አለው፣ እኛው እናስተካክልልሻለን» ከተባሉ፣ አመስግነው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይለፉ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን የእሳት መውጫ በቅርብ ይዩ። እሳት ከምታጭረው መርፌ ሌላ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አጠገቧ ቆማለች? ይህች ዘንግ የእሳቱን ሙቀት ታዳምጣለች። ወተት ገንፍሎ ወይም ነፋስ ገብቶ እሳቱ ቢጠፋ ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ ጋዙም በራሱ ይዘጋል። ዘንጓ የሌለበት ምድጃ እሳቱ ጠፍቶም ጋዙን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት፣ ለመስታወት ክዳን ከሚጨምሩት ብር ይልቅ ለዚህች ዘንግ የሚጨምሩት ይበልጣል።

ማስታወቂያ የሌላቸው ዕቃዎች

ምድጃ ማስታወቂያ ይሠራለታል። ለጎማ ማስታወቂያ የሠራ ሰው ግን አላየሁም። የቤትዎ ደኅንነት የተንጠለጠለው ግን በእነዚህ ስም በሌላቸው ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። የሁሉም ዋጋ ተደምሮ ከምድጃው ዋጋ ጥቂቱን እንኳ አይሞላም። ሰው ግን ምድጃውን ገዝቶ ኪሱ ሲሳሳ፣ ቁጠባውን የሚጀምረው ከእነሱ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እላለሁ፤ መጀመሪያ ለእነዚህ ይመድቡ፣ በተረፈው ምድጃ ይምረጡ።

ሬጉሌተር። የሲሊንደሩን ከፍተኛ ግፊት ምድጃው ወደሚችለው ዝቅ የሚያደርገው ይህ ነው። ለቤት ምድጃ የሚሆነው ዝቅተኛ ግፊት የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊባር ገደማ የተጻፈበት ነው። ምግብ ቤቶች ለትልልቅ ድስት የሚጠቀሙበት፣ ግፊቱ በእጅ የሚጨመርና የሚቀነስ ዓይነት አለ፤ «ይኼ ይበልጥ ኃይል አለው» ተብሎ ቢቀርብልዎት አይውሰዱት። የሚፈልጉት ኃይል አይደለም።

ጎማ። የውኃ ጎማ የጋዝ ጎማ አይደለም። ቡታ ጋዝ ተራውን ጎማ እያደረቀና እያላላ ይበላዋል። ለጋዝ የተሠራው በርዝመቱ ላይ ለምን እንደሆነና የተሠራበት ዓመት ታትሞበታል። ጽሑፍ የሌለውን አይግዙ። አጥፈው ይዩት፤ ስንጥቅ ካሳየ አሮጌ ነው። ሁለት ቁራጭ ተቀጥሎ አንድ አይደረግም። ጫፉን በእሳት አሙቆ ማስፋትም ክልክል ነው፤ እዚያው ላይ ይሳሳል።

ማጥበቂያ። በጎማው በሁለቱም ጫፍ በዊንታ የሚጠብቅ የብረት ቀለበት ያስፈልጋል። ሽቦ የመርካቶ መድኃኒት ነው፤ ለጋዝ ግን መርዝ ነው። ጎማውን በአንድ መስመር ይቆርጠዋል እንጂ ዙሪያውን አያቅፈውም።

ሲሊንደር። ይህን ከነዳጅ ኩባንያዎች ወኪል ይውሰዱ። ባዶ ክብደቱ ብረቱ ላይ ስለተቀረጸ፣ ሲሞላ በሚዛን አስቀምጠው ልዩነቱን ማየት ይችላሉ። ሲጓጓዝም ሲቀመጥም ይቆማል እንጂ አይጋደምም፤ ከተጋደመ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ሊወጣ ይችላል። በታክሲ ሲወስዱት መስኮቱ ይከፈት፣ ማንም አያጭስ።

ሸማ ተራና ጀልባው

ዕቃውን አሸክመን ስንወጣ መንገዱ ይጠባል። ሱቅ በሱቅ ላይ፣ ሸራ በሸራ ላይ ተደርቧል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚህ ሸማ ተራ በሚባለው ስፍራ የተነሳው እሳት ምን እንዳደረገ የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አክብዶት ነበር። ጠባብ ቦታ ለእሳት ይመቸዋል፣ ለአዳኝ አይመቸውም።

ከመርካቶ የጠበበ ማዕድ ቤት ይኖር ይሆን? አለ፤ በውጭ አገር በጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ማዕድ ቤት። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያመልጥ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል። የጀልባ ሆድ ደግሞ ውኃ እንዳይገባ የተደፈነ ስለሆነ፣ የፈሰሰው ጋዝ መውጫ አጥቶ ወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ጀልበኞች ጥብቅ ሕግ አላቸው። ሲሊንደሩ ከመኖሪያው ክፍል ተለይቶ በራሱ ሳጥን ይቀመጣል፤ የሳጥኑ ታች ወደ ውጭ የሚያፈስስ ቀዳዳ አለው። ያመለጠ ጋዝ ወደ ውጭ ይወርዳል እንጂ ሰው ወደሚተኛበት አይገባም።

አሁን የእርስዎን ማዕድ ቤት ያስቡት። በሩ የተዘጋ፣ መስኮቱ ከወገብ በላይ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ከጀልባ በምን ይለያል?

ቤት ሲደርሱ

በረንዳ ካለዎት ሲሊንደሩን እዚያ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ ያቁሙት። የፍሳሽ ጉድጓድ አፍ አጠገብ አይሁን። ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ፣ ከሲንክ ሥር ባለ ዝግ ቁም ሳጥን ሳይሆን ግልጽ ቦታ ላይ፣ ከእሳቱና ከኤሌክትሪክ ሶኬቱ ራቅ አድርገው ያቁሙት፤ በበሩ ግርጌም አየር ማስወጫ ያስከፍቱ። ጎማው ከምድጃው ትኩስ ጀርባ ጋር እንዳይነካካ ይጠንቀቁ።

መግጠሙን ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት፤ ፈተናውን ግን ራስዎ ይፈትኑት። ፈሳሽ ሳሙና በውኃ በጥብጠው፣ ሲሊንደሩን ከፍተው፣ ምድጃውን ግን ሳያበሩ፣ በስፖንጅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይቀቡ። አረፋ ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው፤ ይዝጉና እንደገና ይጠበቅ። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም። ሲሊንደር በቀየሩ ቁጥር ይህንኑ ይድገሙት።

ከዚያ እሳቱን ያብሩና ቀለሙን ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረ ጋዙ በደንብ እየነደደ አይደለም ማለት ነው፤ በዝግ ቤት ከሰል የሚገድልበት ያው ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና ቅቅሉም ባቄላውም ጊዜ ይወስዳል። እሳቱ ለረጅም ሰዓት ስለሚነድ መስኮቱም ለረጅም ሰዓት ክፍት ይሁን። በክረምት ቤት ለማሞቅ ብሎ ምድጃውን ማብራት ፈጽሞ አይገባም።

ረከቦቱ አጠገብ

ከዚህ በኋላ ያለው ምክር በጀልበኞች መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። ቡና የምናፈላው የት ነው? ወለሉ ላይ። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ያመለጠ ጋዝ የሚሄደውም ወለሉን ተከትሎ ነው። ከማዕድ ቤቱ በር ሥር ሾልኮ የሚመጣው ጋዝ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳት ያ ፍም ነው። በዚያ ላይ ጋዙ ሲያመልጥ እንድናውቀው ሆን ተብሎ የተጨመረበትን ክፉ ሽታ ዕጣኑ ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ቡና ከመቅረቡ በፊት ሲሊንደሩ ከአናቱ ይዘጋ፤ ፍሙም ከማዕድ ቤቱ በር ይራቅ።

ሽታው ከመጣ ደግሞ መብራት አያብሩ፤ የበራውንም አያጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ብልጭታ አለው። እሳት ካለ ያጥፉ፣ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ መስኮትና በር ይክፈቱ፣ ሁሉም ሰው ይውጣ። ስልኩን ውጭ ሆነው ይደውሉ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው፤ ፍሪጁ ላይ በትልቁ ይጻፉት።

አንድ ነገር ቀረ። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፤ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው ጋር የምትውለው ግን የቤት ሠራተኛዎ፣ ወይም እናትዎ፣ ወይም ከትምህርት ቤት ቀድማ የምትገባው ልጅዎ ልትሆን ትችላለች። መዝጊያውን በእጃቸው ያስይዟቸው። ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚዘጋ ራሳቸው አዙረው ይዩ። በሳሙናው አረፋም አብረዋችሁ ይፈትሹ። ከመርካቶ የመጣው ዕቃ ሁሉ ቦታውን ይዞ ከተፈተነ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ሽሮ እነሱ ይጣዱት፤ እርስዎ ጎናቸው ቆመው መስኮቱን ይክፈቱ።